በሌሊት የሰጠች እጅ
(የቅዱስ ኒቆላዎስ የሕይወት ታሪክ)

የልደት በዓል በተቃረበ ቁጥር ሁላችንም በሐሳብ ወደ ልጅነታችን እንመለሳለን። ከሌሊቱ ቅዳሴ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ወደ ቤት የገባንበት፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዶሮው ወጥቶ፣ ድፎው ተቆርሶ ከወላጆቻችን ጋር ጾም የፈታንበት፣ ከሰዓት በኋላም በሜዳ ላይ ሩር የመታንበት ቀን ከልባችን አይጠፋም። እነዚህ ሁሉ የመቀበል ደስታዎች ናቸው። በዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ መስጠት ደስታ ጥቂት ልንል ወደናል።

ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች መካከል የአንዳችን እናት በየዓመቱ በገና ዋዜማ ከአንዲት ችግረኛ ጎረቤታቸው ሰፌድ ይዋሱ ነበር። በገዛ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሁለት ሰፌድ ተሰቅሎ ሳለ ለምን እንደሚዋሱ ለልጆቹ አይገባቸውም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ግን ሰፌዱ የሚመለሰው ግማሽ ድፎ ዳቦና በሳህን የተከደነ ወጥ ተሸክሞ ነው። በሰፈሩ ልማድ የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን መመለስ ደስ አይልምና፣ ጎረቤቲቱ የተቀበሉት የሰፌዳቸውን ወግ እንጂ ምጽዋት አልነበረም። ስለዚህም ቀና ብለው፣ እየመረቁ ይቀበሉ ነበር። የእናትየው ዘዴ ለልጆቹ የገባቸው ካደጉ በኋላ ነው።

ይህን የሰፌድ ነገር እንድናስታውስ ያደረገን በዚህ በጾመ ነቢያት ወራት ያነበብነው የአንድ ቅዱስ አባት ታሪክ ነው። ይኸውም የሙራው ኤጲስ ቆጶስ የቅዱስ ኒቆላዎስ ታሪክ ነው። ቀይ ልብስ ለብሶ፣ ነጭ ጢሙን አንዠርግጎ በየሱቁ መስኮት የምናየው የገና አባት መነሻው እርሱ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ቅዱስ ኒቆላዎስ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ270 ገደማ፣ በሉቅያ አውራጃ በጳጥራ ከተማ ነው። ይህ አገር ዛሬ በደቡብ ቱርክ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር የሚገኝ ነው። ጳጥራም ሙራም ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባብያን እንግዶች አይደሉም። በሐዋርያት ሥራ እንደምናነበው ቅዱስ ጳውሎስ በሁለቱም ወደቦች አልፏል፤ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድም ከእስክንድርያ የመጣውን መርከብ የተሳፈረው በሙራ ነው።

የቅዱሱ ሕይወት በዝርዝር የተጻፈው ካረፈ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ አብዛኛው ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ተጠብቆ የቆየ ነው። ትውፊቱ እንደሚነግረን ወላጆቹ ባለጸጎችና እግዚአብሔርን የሚፈሩ ክርስቲያኖች ነበሩ። እርሱ ገና ወጣት ሳለ ሁለቱም ሞቱና ብዙ ሀብት ትተውለት ሄዱ። በእኛ ዕድሜ ያለ ወጣት፣ የሚቆጣጠረው ሰው ሳይኖር እንዲህ ያለ ገንዘብ በእጁ ቢገባ ምን ያደርግበት ይሆን? ኒቆላዎስ ገንዘቡን ለምን እንደሚያውለው ሲያስብ ሳለ የአንድ ጎረቤቱን ችግር ሰማ።

ሰውየው ቀድሞ ባለጸጋና የተከበረ ነበር፤ በኋላ ግን ሀብቱ አልቆ የዕለት ምግብ እስከማጣት ደረሰ። ሦስት ለአካለ መጠን የደረሱ ሴቶች ልጆች ነበሩት። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት ገንዘብ ይዛ ካልሄደች የሚያገባት አታገኝም ነበር። አባትየውም ተስፋ ቆርጦ፣ ልጆቹን ወደ አሳፋሪ ሥራ አሰማርቶ በእነርሱ ለመኖር አሰበ።

ኒቆላዎስ ይህን በሰማ ጊዜ ሰውየውን ወደ ቤቱ አላስጠራውም፤ ሽማግሌም አልላከበትም። ወርቅ በጨርቅ ቋጥሮ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት ሄዶ በመስኮት ወደ ውስጥ ጣለና ፈጥኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሲነጋ አባትየው ወርቁን አገኘ፤ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ እያለቀሰ ፈጣሪውን አመሰገነ፤ ታላቂቱንም ልጁን በክብር ዳረ። ኒቆላዎስ ይህን አይቶ ሁለተኛ ቋጠሮ በሌሊት ጣለ፤ መካከለኛይቱም ተዳረች።

በዚህ ጊዜ አባትየው ሰጪውን ሳያውቅ መቅረት ከበደው። እንቅልፉን አጥቶ ሌሊት ሌሊት ሲጠብቅ ሰነበተ። ሦስተኛው ቋጠሮ ሲወድቅ ድምፁን ሰምቶ ሮጦ ወጣ፤ በጨለማም ተከትሎ ደረሰበት። ኒቆላዎስ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ከእግሩ ላይ ወደቀ። ኒቆላዎስ ግን አንሥቶት፣ በሕይወት እስካለ ድረስ ይህን ነገር ለማንም እንዳይናገር አስማለው።

ወጣቶች ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ኒቆላዎስ ሌሊትን የመረጠው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከሰው ምስጋና መሸሹ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ምጽዋት ያስተማረውን በሥራ መፈጸሙ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ያ አባት ከሀብቱ ሁሉ የቀረው በሰው ፊት ቀና ብሎ መሄዱ ብቻ ነበር። ወርቁን በአደባባይ ቢቀበል ኖሮ ልጆቹ ከውርደት ይድኑ ነበር፤ እርሱ ግን ዕድሜውን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይኖር ነበር። ልጆቹም ቢሆኑ በባሎቻቸው ቤት በምጽዋት የተዳሩ እየተባሉ ይነሡ ነበር። ኒቆላዎስ ወርቁን ብቻ አልሰጣቸውም፤ ክብራቸውንም ጠበቀላቸው።

ከዚህ በኋላ ኒቆላዎስ የሙራ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሾመ። በእ.ኤ.አ. 303 ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ በክርስቲያኖች ላይ ስደት ባወጀ ጊዜ ብዙ ካህናት ታስረዋል፤ ትውፊት ኒቆላዎስንም ከታሰሩት መካከል ይቆጥረዋል። በ325 በኒቅያ ከተሰበሰቡት 318 ሊቃውንትም አንዱ እንደነበረ ይነገራል። ሦስት ንጹሐን ሰዎች በሐሰት ተፈርዶባቸው ሊሰየፉ ሳለ ሰያፊው ሰይፉን ባነሣበት ቦታ ደርሶ በገዛ እጁ እንደያዘውና እንዳዳናቸውም ተጽፏል።

በሙራ ረኃብ በገባ ጊዜ የሠራው ሥራ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ለቁስጥንጥንያ የንጉሥ ጎተራ ስንዴ የጫኑ መርከቦች ከእስክንድርያ መጥተው በሙራ ወደብ ቆሙ። እርሱም ወደ መርከበኞቹ ወርዶ ከየመርከቡ ጥቂት እንዲያካፍሉ ለመናቸው። እህሉ ተሰፍሮ የተጫነ ነበርና ጎድሎ ቢገኝ እንደሚቀጡ ፈርተው እምቢ አሉ። በእግዚአብሔር ስም ዋስ ሆናቸውና ሰጡ፤ ቁስጥንጥንያ ደርሰው ሲሰፈር ምንም ሳይጎድል እንደተገኘ ታሪኩ ያስረዳል። በዚህ ጊዜ ቅዱሱ በሌሊት አልተደበቀም፤ በቀን ብርሃን፣ በሕዝብ ፊት ለምኗል። አገር በሙሉ ሲራብ የሚያፍር ሰው የለምና። ጥበቡ ይህን መለየቱ ላይ ነው።

ቅዱስ ኒቆላዎስ በእ.ኤ.አ. 343 ገደማ አረፈ። የዕረፍቱ ቀን በአውሮፓውያን ዘንድ ታኅሣሥ ወር በገባ በ6ኛው ቀን ይከበራል። በቤተ ክርስቲያናችን ስንክሳር ደግሞ መታሰቢያው ታኅሣሥ 10 ቀን ነው። ይኸውም ከገና በዓል 19 ቀን ቀድሞ መሆኑ ነው። በ1087 ከኢጣሊያ ከባሪ ከተማ የመጡ መርከበኞች አጽሙን ከሙራ ወሰዱት፤ ዛሬም በባሪ በስሙ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

ዝናው በአውሮፓ ተስፋፍቶ በሆላንድ ልጆች በበዓሉ ዋዜማ በስሙ ስጦታ ይቀበሉ ጀመር። የሆላንድ ሰዎች ሲንተርክላስ የሚሉት ስም በአሜሪካ ሳንታ ክላውስ ሆነ። በ19ኛው መቶ ዓመት ደራስያንና እንደ ቶማስ ናስት ያሉ ሠዓልያን ሆዱ የገፋ፣ የሚስቅ ሽማግሌ አድርገው ሳሉት። የኤጲስ ቆጶስነቱ አክሊል ቆብ ሆነ። እንግዲህ ሥራው እንዳይነገርበት ሰው ያስማለው አባት፣ መልኩ ተለውጦ በዓለም ሁሉ የንግድ ማስታወቂያ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ነገር ግን በሌላው ከመፍረዳችን በፊት ራሳችንን እንመርምር። ይህን ታሪክ ስናነብ ያለፈው ዓመት ገና ትዝ አለንና አፈርን። ያን ጊዜ ከየቤታችን ዱቄትና ዘይት፣ ልብስና ደብተር ሰብስበን ለችግረኞች ልናድል ተነሥተን ነበር። ሐሳባችን መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ቆመን፣ ስም ከወረቀት እየጠራን፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ ወደ ፊት እያወጣን ሰጠን። እልል ተባለልን፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። ከተጠሩት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ከእኛው አባላት ወገን ነበር። ማን እንደሆነ እዚህ ላይ ብንጽፍ ያንኑ ጥፋት መድገም ይሆንብናል። ያን ዕለት ከመካከላችን ወጥቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ጉባኤያችን አልመጣም። የሰጠነው ዱቄት በሁለት ሳምንት ተበልቶ አልቋል፤ ያ ወንድማችን ግን እስከ ዛሬ ጎድሎብናል።

ስለዚህ ዘንድሮ ሌላ መንገድ ልንሞክር ተስማምተናል። የሚረዱት ሰዎች ስም በአንድ አባት እጅ ብቻ ይቆያል። በዋዜማው ምሽት ሁለት ሁለት ሆነን እንሄዳለን፤ ከበር አድርሰን እንመለሳለን፤ ማን ለማን እንዳደረሰ በጉባኤ አይነገርም፤ ፎቶግራፍም አይነሣም። ከተቻለም እንደዚያች እናት ሰፌድ የምንዋስበትን ምክንያት እንፈልጋለን። ስጦታ ደስታው የሚሞላው የሰጠነው ሰው በማግሥቱ በመንገድ ሲያገኘን ፊቱን ሳያዞር ሰላም ያለን እንደሆነ ነው።

መልካም የልደት በዓል ያድርግልን።