ጃንሆይ በለንደን ችሎት

ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ እንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ሳሉ፣ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለውን ኩባንያ ከ10 ሺህ ፓውንድ ለሚበልጥ የራዲዮ ቴሌግራፍ ዕዳ ለንደን ላይ ከሰሱ። ኢጣልያ ገንዘቡ ይገባኛል ስትል ዳኛው ክሱን አገዱት፤ ይግባኝ ሰሚው ግን እገዳውን አነሣ። በጁላይ 1938 ተፈረደላቸው። የኩባንያው ይግባኝ ሳይወሰን፣ በኖቬምበር ብሪታንያ ለኢጣልያው ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥትነት ሙሉ ዕውቅና ሰጠች። በዲሴምበር ፍርዱ ተሻረ። ጃንሆይ በ1941 ወደ ዙፋናቸው ተመለሱ፤ በ1975 በደርግ እስር ሳሉ ሞቱ።

ዛሬም ዳላስ የፍቺ ክስ ከፍቶ ስለዚያው ንብረት አዲስ አበባ የሚሟገት ወገናችን፣ ዳኛው ያኛው ፍርድ እስኪታወቅ ክሱን ቢያግዱበት ተራ ቀጠሮ አይምሰለው። በእገዳ መሐል የሚያልፈው ጊዜ ራሱ ሊፈርድ ይችላል።