ያሬድ ንጉሡ ፊት ከመቆሙ በፊት

ስለ ቅዱስ ያሬድ ሲወራ ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን ወደ ሦስቱ ወፎች እንሮጣለን፤ ዜማውን ከሰማይ አመጡለት፣ አለቀ! የእኔ ልብ ግን የሚያርፈው ከዚያ በፊት ባለው ላይ ነው።

ትውፊቱ እንደሚለው ያሬድ በ505 ዓ.ም. ሚያዝያ 5 ቀን አክሱም ተወለደ። በ7 ዓመቱ አባቱ ሞተበትና እናቱ ታውክልያ ለዘመዷ ለአክሱም ጽዮን መምህር ለጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርቱ ግን አልገባው አለ። ግርፋቱ ሲበዛበት ጠፍቶ ሄደ። ማይ ኪራህ ሲደርስ ከዛፍ ሥር አረፈ፤ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲሞክር 6 ጊዜ ሲወድቅ፣ በ7ኛው ሲሳካለት አየ። ትሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለእኔ የሚከብደው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ልጁ ወደሸሸው መምህር ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ዳዊቱንም እንደገና ጀመረ። ጌዴዎን ሲሞት በ14 ዓመቱ ወንበሩን ወረሰ።

ኋላ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ይዞ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ቆመ። በዜማው የተመሰጠው ንጉሥ የተደገፈበትን ጦር የያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ሲፈስ ዘማሪውም ንጉሡም አላወቁም።

ይኼ እንዴት ይሆናል? ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም ገጠር የመጣችሁ፣ በተለይ የቆሎ ተማሪ የነበራችሁ፣ መልሱን ታውቁታላችሁ። የዜማ ተማሪ ቀን ከመጽሐፍ የተቀበለውን ሌሊት ጨለማ ውስጥ በቃሉ ይለዋል። አንዷን ሐረግ እስኪሰለቸው ይመላልሳታል፤ ከሳተ የኔታ ከተኙበት ሆነው ያርሙታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁት ምልክት፣ ድፋቱም ሒደቱም ቅናቱም፣ ቀድሞ ለተማረ ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ላልተማረ ብዙ አይነግረውም። ማኅሌት ላይም ጀማሪው ዳር ቆሞ እያየ ይለምዳል። መቋሚያው፣ ጽናጽሉና እግሩ ከድምፁ ጋር እስኪስማሙ ድረስ ስንት በዓል ያልፋል! እንዲህ የተጠና ዜማ ሰው በዛ ተብሎ አይጠፋም። (የመመረቂያ ጽሑፋችንን ስናቀርብ ወረቀቱ እጃችን ላይ ሲርገፈገፍ ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ለነገሩ እኛ ያጠናነው በዋዜማው ነው።)

ያሬድ ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ትቶልናል። ከጣና ደሴቶችም ጣና ቂርቆስ ቆይቶ እንደነበር ይነገራል፤ ወንዛችን ዓባይ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወርደው ከዚያው ሐይቅ ነው።

ጦሩ ከእግሩ ሲነቀል ንጉሡ ደንግጦ የፈለገውን እንዲጠይቀው ነገረው። ሹመትም ወርቅም መጠየቅ ይችል ነበር። እርሱ ግን የለመነው መሰናበቻ ብቻ ነበር። ከአክሱም አደባባይ ወጥቶ ወደ ጸለምትና ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። በዚያ ብርድ ውስጥም በ571 ዓ.ም. ግንቦት 11 ቀን እስከተሰወረ ድረስ ተማሪ ሰብስቦ ዜማ ሲያስጠና ኖረ።