የልብስ አጣቢዋ ልጅ የከፈተችው ባንክ

31 ሳንቲም ይዛችሁ ባንክ ብትሄዱ ምን ትባላላችሁ? እ.ኤ.አ. በኅዳር 1903 አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ሪችመንድ ከተማ አንድ ባንክ ሲከፈት ከመጀመሪያው ቀን ደንበኞች አንዱ ያስቀመጠው 31 ሳንቲም ብቻ ነበር። ባንኩም የተቋቋመው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

የባንኩ ፕሬዝዳንት ደግሞ ሴት፣ ጥቁር እና የልብስ አጣቢ ልጅ ነች። ማጊ ሊና ዎከር ትባላለች። በአሜሪካ ባንክ አቋቁማ በፕሬዝዳንትነት የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት።

ማጊ የተወለደችው በ1864 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና አላለቀም። እናቷ ቀድሞ በባርነት የኖረች ሴት ነች። እንጀራ አባቷ በ1876 ወንዝ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ፣ እናትየው የነጮችን ልብስ እያጠበች ልጆቿን ማሳደግ ያዘች። የታጠበውን ልብስ በየቤቱ የምታደርሰው ማጊ ነበረች።

በ1883 ትምህርቷን ጨርሳ አስተማሪ ሆነች። ጥሩ ሥራ ነው። ለሦስት ዓመት ካስተማረች በኋላ በ1886 አገባች፤ በዚያው ሥራዋ አበቃ። ያገባች ሴት ማስተማር አትችልም ነበር። ባልየው ስላገባ ከሥራው የነቀለው የለም!

ታዲያ ምን ቀራት? ያን ጊዜ በሪችመንድ አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች የሚያገኙት ሥራ የሰው ቤት አገልጋይነት፣ ልብስ አጠባ ወይም የትምባሆ ፋብሪካ ነው። ቢሮ ቁጭ ብሎ ሒሳብ መሥራት ለእነሱ የተዘጋ በር ነበር።

ማጊ ግን ከ14 ዓመቷ ጀምሮ የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር አባል ነበረች። የእኛን ዕድር አስቡት፤ አባላት ያዋጣሉ፣ የታመመ ይረዳል፣ የሞተ ይቀበራል። በ1899 ዋና ጸሐፊነቱን ስትረከብ ካዝናው ውስጥ የነበረው 31 ዶላር ከ61 ሳንቲም ነው። ዕዳም አለበት። የሚሰምጥ መርከብ ነው ያስረከቧት ማለት ይቻላል።

በ1901 ማኅበሩ ሲሰበሰብ ተነስታ ሐሳቧን አቀረበች፦ ጋዜጣ ይኑረን፣ መደብር ይኑረን፣ ከሁሉ በላይ ባንክ ይኑረን። ሳንቲማችንን ሰብስበን መልሰን ለራሳችን እንሥራበት ነው ነገሩ። የባንክ ሥራን ለመማርም በከተማው ወደሚገኝ የነጮች ባንክ እየሄደች አሠራሩን ተከታተለች።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ1902 የወጣው የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት አብዛኞቹን ጥቁር ወንዶች ከመምረጥ አግዷል፤ ሴቶች ደግሞ ከነጭራሹ አይመርጡም ነበር። ባንኩ የተከፈተው በዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ8,000 ዶላር በላይ ተቀመጠ።

ለሕፃናት ሳንቲም ማጠራቀሚያ ትንንሽ የካርቶን ሣጥን ይሰጥ ነበር። 100 ሳንቲም ሲሞላ በስማቸው ደብተር ይከፈታል። የማኅበሩ ቢሮም በሴት ሠራተኞች ተሞላ፤ የአጣቢና የአገልጋይ ልጆች ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ ሆኑ። እስከ 1920 ድረስ ደግሞ በባንኩ ብድር ከ600 የሚበልጡ ቤቶች ተገዝተዋል። ለእኛ ከሁሉ የሚበልጥብን ይሄ ነው፤ ሌላ ባንክ ዞር ብሎ የማያየው ሰው ባለቤት ሆነ።

ሁሉም ግን አልተሳካላትም። በ1905 ብሮድ በሚባለው ትልቅ ጎዳና ላይ መደብር ከፈተች። ሻጮቹ ጥቁር ሴቶች ናቸው። የነጭ ነጋዴዎች ጅምላ አከፋፋዮቹን ለእነሱ እቃ እንዳትሸጡ ብለው ጫና አደረጉ። እውነቱን እናውራ ካልን ደግሞ ብዙ ጥቁር ገዢዎችም እዚያው የለመዱበት ሱቅ መሄዳቸውን አልተዉም። በ1911 መደብሩ ተዘጋ።

በ1915 ከዚህ የከፋ መጣ። ልጇ ራስል አባቱን ሌባ መስሎት ተኩሶ ገደለው። ፍርድ ቤት ነፃ ቢለቀውም፣ በማኅበሩ ውስጥ ይህን ሰበብ አድርገው ከሥልጣን ሊያወርዷት የተነሱ ነበሩ። አልወረደችም። ኋላ እግሯ ከዳት፤ ቤቷ ውስጥ ሊፍት አስገጥማ በተሽከርካሪ ወንበር እየሄደች ሥራዋን ቀጠለች።

የ1929ኙ የገበያ ውድቀት በየቦታው ባንኮችን ሲያዘጋ፣ ማጊ የእሷን ባንክ ከሌሎች ሁለት የጥቁሮች ባንኮች ጋር አዋሐደችና ተረፈ። በታኅሣሥ 1934 እስክትሞት የቦርዱ ሰብሳቢ ነበረች። ባንኩ እሷ ከሞተች በኋላ ከ70 ዓመት በላይ ኖሯል።

በ2017 ሪችመንድ ሐውልት አቆመችላት። ያለው ብሮድ ጎዳና ላይ ነው፤ መደብሯ በተዘጋበት መንገድ።