ጆሳያ ዌጅዉድ
ጆሳያ ዌጅዉድ (1730–1795 እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር በበርዝለም ከተማ ከሸክላ ሠሪዎች ቤተሰብ የተወለደ ዝነኛ ሸክላ ሠሪና ነጋዴ ነበር። በልጅነቱ ፈንጣጣ ጉልበቱን ስለጎዳው የሸክላ መዘውሩን በእግሩ ማዞር አቃተው፤ ስለዚህ ወደ ንድፍና ወደ ጭቃ ቅመማ አዘነበለ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ የደከመበት የፖርትላንድ ማሰሮ ቅጂ ነው። ዋናው ማሰሮ የጥንት ሮማውያን ከጥቁር ሰማያዊና ከነጭ መስታወት የሠሩት ሲሆን በ1786 የፖርትላንድ መስፍን አዋሰው። ዌጅዉድ ግን በመስታወት ፈንታ ራሱ በፈለሰፈው ጃስፐር በተባለ ሸክላ ሊሠራው ተነሣ። አራት ዓመት ፈጀበት፤ ማሰሮው ሲተኮስ ይሰነጠቃል፣ ነጫጮቹ ምስሎችም ይላቀቃሉ። በ1790 ተሳክቶለት ለእይታ ሲያቀርበው ተመልካቹ ስለበዛ የመግቢያው ትኬት በ1900 ተወሰነ።

በ1845 አንድ ጎብኚ ዋናውን ማሰሮ በብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ ሰባበረው፤ የዌጅዉድ ቅጂዎች ግን ሙሉ መልኩን እንደያዙ ነበሩ።