ሄንሪ ኬምፕ

ቻርልስ ሄንሪ ኬምፕ (እ.ኤ.አ. 1922 – 1984) ትውልደ ጀርመን አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። በቤተሰብ ውስጥ የሚፈጸም የሕፃናት ድብደባን ለሕክምናው ዓለም ስም ሰጥተው በማሳወቃቸው ይታወቃሉ።

ልጅነትና ትምህርት

ኬምፕ በብሬስላው (የዛሬዋ የፖላንድ ከተማ ቭሮትስዋፍ) ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ከናዚዎች ሸሽተው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው አሜሪካ ገቡ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1945 ተመረቁ፤ መጀመሪያ ያጠኑትም ፈንጣጣን ነበር። በ1956 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ባለቤታቸው ሩት ኬምፕም ሐኪም ሲሆኑ የሕፃናትን የአእምሮ ጤና ያጠኑ ነበር።

የ1962ቱ ጽሑፍ

በዚያ ዘመን አጥንታቸው የተሰበረ ወይም ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም የፈሰሰ ሕፃናት ወደ ሆስፒታል ሲመጡ ወላጆች ልጁ ወደቀ ይሉ ነበር። ወላጅ በልጁ ላይ ይጨክናል ብሎ ማመን ለሐኪሞችም ይከብዳቸው ነበር። ኬምፕና ባልደረቦቻቸው 71 ሆስፒታሎችን ጠይቀው የ302 ሕፃናትን መረጃ አገኙ፤ 33ቱ ሞተዋል፣ 85ቱ ዘላቂ የአንጎል ጉዳት ደርሶባቸዋል። «የተደበደበ ሕፃን» የሚለውን ስያሜ ያወጣው ጽሑፋቸው ከታተመ በኋላ፣ እስከ 1967 ድረስ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ጥርጣሬን ሪፖርት ማድረግን የሚመለከት ሕግ አወጡ።

የምርመራ አሠራር

ኬምፕ ከጽሑፉ በፊት፣ በ1958፣ በሆስፒታላቸው የሕፃናት ጥበቃ ቡድን አቋቁመው ነበር። የሕፃናት ሐኪም፣ የአእምሮ ሐኪምና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጉዳዩን አብረው ይመረምሩ ነበር። የተነገረው ታሪክ ከጉዳቱ ጋር ይስማማ እንደሆነ፣ የቤተሰቡም ሁኔታ ይታያል። ዛሬም የሥነ ልቦና ምርመራ በአንድ ምልክት ብቻ አይወሰንም። የልጁ ፍርሃት፣ ዝምታ ወይም ሥዕል ብቻውን ጥቃት መድረሱን አያረጋግጥም። ልጁን የሠለጠነ ባለሙያ፣ ተጠርጣሪው በሌለበት፣ መልሱን በማይጠቁሙ ጥያቄዎች ያነጋግረዋል።

በጋምቤላ ሲታይ

ይህ ጥንቃቄ በጋምቤላ ክልል ይበልጥ ያስፈልጋል። በኩሌ፣ በቴርኪዲና በጀዊ መጠለያዎች ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ልጆች ይኖራሉ፤ ያለ ወላጅ ድንበር የተሻገሩም አሉ። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከደቡብ ሱዳን የገቡ ታጣቂዎች ከክልሉ ከ100 በላይ ሕፃናትን አፍነው ወስደዋል፤ ብዙዎቹ በኋላ ተመልሰዋል። እንዲህ ያለ መከራ ያየ ልጅ ሌሊት ቢባንን ወይም ሰው ቢሸሽ ምክንያቱ ጦርነቱ፣ ከወላጅ መለየቱ ወይም አሁን የሚያሳድገው ሰው የሚያደርስበት በደል ሊሆን ይችላል። ልጁ በኑዌር ወይም በአኙዋክ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ አስተርጓሚ ሊያስፈልግ ይችላል፤ አስተርጓሚው የተጠርጣሪው ዘመድ ከሆነ ግን ልጁ እውነቱን ሊደብቅ ይችላል።

የመጨረሻ ዓመታት

ኬምፕ በ1977 የሕፃናት ጥቃትን የሚከላከል ዓለም አቀፍ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ። በ1978 የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃትም በሐኪሞች ዘንድ የተደበቀ ችግር መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተሙ። በመጋቢት 1984 በሃዋይ አረፉ።