አንድ እጃቸውን ያጡት የፈረስ ሐኪም

በታሪካችን ውስጥ ፈረስ ያልገባበት ምዕራፍ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መሪዎቻችንንና የጦር አበጋዞቻችንን የምናስታውሳቸው በፈረስ ስማቸው ነው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ ናቸው። ፈረሱ በምን ታመመ፣ በምን ሞተ፣ ማንስ አከመው የሚለው ጥያቄ ግን ብዙም ሲነሳ አልሰማሁም።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህንን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠይቁ ስለኖሩ ሰው ነው። ሰር አርኖልድ ታይለር ይባላሉ። ኢትዮጵያዊ አይደሉም። ሥራቸው ግን ከእኛ ጋር ሁለት ቦታ ላይ ይገናኛል። አንደኛው አያቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ዘመን ነው። ሁለተኛው በአምቦና በጉደር ጋሪ ሲጎትት የምናየው ፈረስ ነው። (ለይቼ ካልገለጽኩ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታይለር በ1867 ፍሪክ በምትባል የስዊዘርላንድ ትንሽ ከተማ ተወለዱ። የእንስሳት ሕክምና ተምረው በ1891፣ ገና በ24 ዓመታቸው፣ ዕድላቸውን ለመሞከር ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ በዚያን ጊዜ በቦየሮች ትተዳደር ወደነበረችው ትራንስቫል ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ በአንድ እርሻ ላይ ተቀጥረው ሲሠሩ የከብት መኖ የሚከትፍ ማሽን ግራ እጃቸውን ቆረጠው። ላም ማዋለድ፣ የሚራገጥ ፈረስ ይዞ ማከም ሁለት እጅ እንኳን የማይበቃው ሙያ ነው። ሌላው ቢሆን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ በተመለሰ ነበር። እሳቸው ግን ቀሩ። በ1893 በጆሃንስበርግ የማዕድን ሠፈሮች ፈንጣጣ ሲገባ ክትባት አዘጋጅተው አቀረቡ። መንግሥት ያወቃቸው ያኔ ነው።

በ1896 ትራንስቫል ውስጥ የደስታ በሽታ ገባ። ይህ በሽታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1887 ከጣሊያን ጦር ጋር በምፅዋ በኩል ከመጡ ከብቶች ተነሥቶ የአገራችንን ከብት ፈጀ። ዘጠና ከመቶው እንዳለቀ ይገመታል። በሬ አጥቶ ማረስ ያቃተው ገበሬ ከነቤተሰቡ በረሃብ ረገፈ። ያ ቸነፈር እኛን አደኽይቶ ወደ ደቡብ ተጓዘና ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከወጣቱ ሐኪም ደጅ ደረሰ። ታይለር የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ሆነው ተሾሙ። ከናታሉ ሐኪም ከኸርበርት ዋትኪንስ ፒችፎርድ ጋር ሆነው ከበሽታው የዳኑ ከብቶችን ደም መመርመር ያዙ። ከዚያ ደም የሚወጣው ሴረም፣ ማለትም የደሙ ውሃማ ክፍል፣ ጤነኛውን ከብት ሊከላከልለት እንደሚችል አሳዩ። መልሱ ያለው ደም ውስጥ ነው የሚለው እምነታቸው ከዚያ በኋላ አልተለያቸውም።

በ1899 በእንግሊዝና በቦየሮች መካከል ጦርነት ተነሳ። ታይለር ከቦየሮች መድፈኛ ጦር ጋር በእንስሳት ሐኪምነት ዘመቱ። እንግሊዞች ፕሪቶሪያን ሲይዙ የጠላት ሐኪም ነበሩ ብለው አላባረሯቸውም፤ በሥራቸው ላይ እንዲቀጥሉ አደረጓቸው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ባለሙያ መለወጥ ለለመደ አገር ይህ ብቻውን ትምህርት ነው።

እንግሊዞች በዚያ ጦርነት ከ300 ሺሕ በላይ ፈረስ አልቆባቸዋል። አብዛኛውን የጨረሰው ረሃብ፣ ድካምና በሽታ እንጂ ጥይት አልነበረም። በአካባቢው ከሁሉ የሚፈራው ደግሞ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። በ1854 እና በ1855 በኬፕ ብቻ ወደ 70 ሺሕ የሚጠጋ ፈረስ ገድሏል። በከባዱ መልኩ ሲመጣ ጠዋት ደህና የነበረ ፈረስ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በአፍንጫው አረፋ ይደፍቅና ይሞታል። እንዲህ ከያዛቸው ፈረሶች ከመቶ ዘጠና አምስቱ ያህል አይተርፉም። በቅሎ ትንሽ ይሻላል። አህያ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ያልፈዋል።

ችግሩ የታመመው ፈረስ ደም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምንም የሌለበት መሆኑ ነበር። በ1900 ማክፋድየን የተባሉ ሊቅ ለንደን ላይ ይህን ደም ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አሳልፈው ለጤነኛ ፈረስ ሲሰጡት ፈረሱ ታመመ። ዛሬ ቫይረስ የምንለው ነገር ነበር ማለት ነው። ታይለርም ውጤቱን በራሳቸው ሙከራ አረጋገጡ። ቀጥለው የታመመ ፈረስ ደምና የዳነ ፈረስ ሴረም አንድ ላይ እየሰጡ በቅሎዎችን መከላከል ቻሉ።

ፈረሶቹ ላይ ግን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ከበሽታው የዳነ ፈረስ ከሌላ ቦታ የመጣ ደም ሲሰጠው እንደገና ይታመማል። ከብዙ ሙከራ በኋላ የደረሱበት ድምዳሜ በሽታው አንድ ቢመስልም ቫይረሱ ብዙ ዓይነት መሆኑን ነው። ከአንዱ የዳነ ከሌላው አይድንም። ዛሬ የሚታወቁት ዓይነቶች ዘጠኝ ናቸው። ቫይረሱን ከፈረስ ወደ ፈረስ የምታመላልሰው ትንኝ መሆኗ በምርመራ የተረጋገጠው ግን እሳቸው ካለፉ በኋላ በ1944 ነው።

በ1908 ከፕሪቶሪያ አጠገብ ኦንደርስተፖርት በተባለ ቦታ የምርምር ተቋም ተሠራላቸው። በ1914 የሰርነት ማዕረግ አገኙ። በ1920 ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ዲን ሆኑ። መዥገር የሚያስተላልፋቸው ከፈረስና ከከብት ደም ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋስያን በስማቸው ታይለሪያ ተብለው ይጠራሉ። ከእነዚህ አንዷ የፈረስን ቀይ የደም ሕዋስ እየሰባበረች ደሙን የምታሳጣው ናት፤ በእኛም አገር ፈረሶችና አህዮች ደም ውስጥ ተገኝታለች።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን በ1918 የሆነው ነው። ሴረም የተሰጣቸው አንዳንድ ፈረሶች ከሳምንታት በኋላ ጉበታቸው ታምሞ መሞት ጀመሩ። ፈረሱን ከአንዱ በሽታ ያዳነው ከፈረስ ደም የተሠራ መድኃኒት ሌላ በሽታ ይዞ መጣ ማለት ነው። ታይለር በዚያን ጊዜ ስመ ጥር ናቸው፣ ማዕረግ አላቸው፣ ትልቅ ተቋም ይመራሉ። ነገሩን በፈረሶቹ አመጋገብ ወይም በባለቤቶቹ ቸልተኝነት ማሳበብ ይችሉ ነበር። እሳቸው የራሳቸው ሕክምና ያስከተለውን ጉዳት መርምረው፣ ጽፈው፣ ለዓለም አሳወቁ። በሽታው እስከ ዛሬ በስማቸው የታይለር በሽታ ይባላል። የጻፉት መዝገብ በመኖሩም ከእሳቸው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ፍለጋውን ቀጠሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ አሜሪካ ውስጥ በዚህ በሽታ ከሞተ ፈረስ አዲስ ቫይረስ ተገኘ። ሕግ የተማርን ሰዎች ማስረጃ ምን እንደሆነ እናውቃለን ብለን እንመካለን። በራስ ላይ የሚመሰክር ማስረጃን በፈቃድ ማቅረብ ግን በሙያችን ውስጥ ብዙ የምናየው ነገር አይደለም።

ታይለር በ1936 ለንደን ውስጥ አረፉ። ፕሪቶሪያ የተወለደው ልጃቸው ማክስ ለሰው የሚሆን የቢጫ ወባ ክትባት ሠርቶ በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ቢጫ ወባ በ1960 እና በ1962 መካከል በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስንቱን ሕዝብ እንደፈጀ ለሚያስታውስ አንባቢ የልጅየው ሥራም ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደ አምቦ ልምጣ። ምዕራብ ሸዋ የፈረስ አገር ነው። ከሆለታ እስከ ጊንጪ፣ ከአምቦ እስከ ጌዶ ሰው በፈረስ ገበያ ይወጣል፣ በፈረስ ለቅሶ ይደርሳል። ባጃጅ ቢበዛም እህል፣ ሲሚንቶና ውሃ በጋሪ የሚያመላልሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ክረምቱ እንደወጣ አምቦ ላይ ያነጋገርኩት አንድ ባለጋሪ ፈረሱ ሌሊቱን ሲያቃስት አድሮ ጠዋት በአፍንጫው አረፋ እየደፈቀ እንደሞተበት አጫውቶኛል። ጎረቤቶቹ ግማሾቹ ዓይን ነው አሉት፣ ግማሾቹ እባብ ነው አሉት። ደሙን የወሰደ ሰው አልነበረም። በብድር ሌላ ፈረስ ገዝቶ እዚያው በረት ውስጥ፣ እዚያው ትንኝ መካከል አሰረው። የመጀመሪያው በምን እንደሞተ ሳያውቅ ሁለተኛውን ከምን ይጠብቀው?

አረፋ ያየ ሁሉ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ነው ብሎ መፍረድ አይችልም። እኔም አልፈርድም። ፈረስ የሚገድለው ብዙ ነው። ወደ ባኮና ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ ገንዲ አለ፣ መዥገር የሚያመጣው አለ። ሁሉም ያከሳሉ፣ ያተኩሳሉ፣ ያደክማሉ። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። የሚለያቸውም ምርመራ ነው።

ክትባት የለንም እንዳንል ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ክትባት የሚያመርት ብሔራዊ ተቋም አለን፤ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ክትባትም ያመርታል። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ሲመረት የቆየው ከዘጠኙ ዓይነቶች አንዱን፣ ዘጠነኛውን፣ የሚከላከለው ነበር። ከ2007 እስከ 2010 በአገራችን ከተነሱ ወረርሽኞች የተሰበሰቡ ናሙናዎች ሲመረመሩ ሌሎች ዓይነቶችም ተገኝተዋል። ታይለር ከመቶ ዓመት በፊት ፕሪቶሪያ ላይ ያዩት ነገር መሆኑ ነው። ፈረሱ ተከትቦ ሲሞት ባለቤቱ ክትባት አይረባም ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ፈረሱን ይዞ አይመጣም። በየትኛው ዓይነት እንደሞተ የሚነግረው ደሙ ነው፤ ደሙ ካልተወሰደ ክትባት አምራቹም የትኛውን ዓይነት ማዘጋጀት እንዳለበት አያውቅም።

ሕጉን በተመለከተ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት በሽታዎች መከላከልና መቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 267 በሽታ የማስታወቅ ግዴታን ደንግጓል። ድንጋጌው መልካም ነበር። ነገር ግን አስታውቅ የተባለው ባለጋሪ ሲያስታውቅ መርፌና የደም ብልቃጥ ይዞ የሚመጣለት ሰው ከሌለ ግዴታው ወረቀት ላይ ይቀራል።

የሚያስፈልገው ብዙ ቢሊዮን ብር አይደለም። አምቦ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። ሰበታ ላይ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ፤ ከአምቦ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳን አይሆንም። በየወረዳው ክሊኒክ ጥቂት ብልቃጥ፣ በረዶ የሚይዝ ሳጥንና ከእያንዳንዱ በድንገት ከታመመ ፈረስ ደም ወስዶ የመላክ ግዴታ ይኑር። ውጤቱም ለባለቤቱ ይነገረው። ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ ላላት አገር ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይመስለኝም።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላል ያገራችን ሰው። ከበሽታ ጋር የሚደረገውን ውጊያም ለፈረሱ መተው አይገባም። አንድ እጅ ብቻ የነበራቸው ሰው መርፌ ይዘው ደም ወስደዋል፣ ያዩትንም ጽፈዋል፤ ሁለት እጅ ላለን ለእኛ ይህ ሊከብደን አይገባም ነበር።