የሲኒማው ምትሐተኛ ዦርዥ ሜልየስ

ከጥበብ ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ በሥራቸው ከብረው ሲሞቱ፥ ሌሎቹ ደግሞ ዓለምን አስደስተው በመጨረሻ ለዕለት ጉርስ ሲንከራተቱ ታይተዋል። ዛሬ በሺሺንዳም ሆነ በቦንጋ ወጣቱ በእጅ ስልኩ አጭር ፊልም ያነሣል። ስለዚህ የዚህን ጥበብ መንገድ ከጠረጉት አንዱ የሆነውን የፈረንሳዊውን የዦርዥ ሜልየስን ሕይወት ማወቅ ለተማሪ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜልየስ በ1861 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጫማ ፋብሪካ ነበረው፤ ልጁም በዚያው ሥራ እንዲተካው ይፈልግ ነበር። የልጁ ልብ ግን ወደ ሥዕልና ወደ ምትሐት አደላ። በ1888 ከፋብሪካው የደረሰውን ድርሻ ለወንድሞቹ ሸጦ፥ በገንዘቡ ሮቤር ሁዳን የሚባለውን የምትሐት ቴአትር ቤት ገዛ።

በ1895 በታኅሣሥ ወር ሉሚዬር የሚባሉት ቤተሰቦች በፓሪስ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲያሳዩ ከተመልካቾቹ አንዱ ሜልየስ ነበር። መኪናውን ይሸጡለት ዘንድ ቢለምን እምቢ አሉት። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ከሎንዶን የፊልም ማሳያ መኪና አስመጥቶ፥ ውስጡን መርምሮ፥ ፊልም ማንሻ እንዲሆን አድርጎ ለወጠው። በ1896 የራሱን ፊልሞች ማንሣት ጀመረ።

በ1897 በፓሪስ አጠገብ በሞንትሬይ ጣራውና ግድግዳው መስተዋት የሆነ የፊልም ቤት ሠራ። ሥራው በፀሐይ ብርሃን ስለነበረ ሰማዩ ሲደምን ይቸገር ነበር። ታሪኩን የሚያስበው፥ መጋረጃውን የሚሥለው፥ ተዋናዮቹን የሚያስጠናውና ራሱም የሚጫወተው እርሱ ነው። የዚያን ጊዜ ፊልም ቀለማትን አስተካክሎ ስለማይቀበል መጋረጃውን ሁሉ በግራጫ ይቀባው ነበር። ሰው ከዓይን እንዲሰወር ሲፈልግ መኪናውን ያቆማል፤ ሌሎቹ ሳይነቃነቁ ያ ሰው ይወጣል፤ ከዚያም መኪናው ሥራውን ይቀጥላል። በ1900 ባነሣው አንድ ፊልም ያንኑ ፊልም ወደ ኋላ እየመለሰ ደጋግሞ በማንሣት ራሱን ሰባት ሙዚቀኞች አድርጎ አሳየ።

በ1902 ወደ ጨረቃ ስለ መጓዝ የሚናገረውን ዝነኛ ፊልሙን ሠራ። የሩብ ሰዓት ያህል የሚፈጀው ይህ ፊልም ዐሥር ሺህ ፍራንክ ያህል ወጣበት። ነገር ግን በአሜሪካ ሌሎች ሰዎች ያለ ፈቃዱ እየገለበጡ ስለሸጡት ትርፉ በእጁ አልገባም። ወንድሙን በ1903 ወደ ኒውዮርክ ልኮ መብቱን ለማስከበር ቢሞክርም ጊዜው አልፎ ነበር። ከዚህም በላይ ታላላቅ ኩባንያዎች ፊልምን እንደ ፋብሪካ ዕቃ በብዛት እያወጡ ማከራየት ሲጀምሩ፥ አንዷን ፊልም በእጁ ለፍቶ ይሠራ የነበረው ሰው ወደ ኋላ ቀረ። በ1911 የፊልም ቤቱን መያዣ አድርጎ ከፓቴ ኩባንያ ገንዘብ ተበደረ፤ አዲሶቹ ፊልሞቹ ግን ስላልተሳኩለት በ1913 ሥራውን ተወ። በ1923 ቴአትር ቤቱ ለመንገድ ሲባል ፈረሰ፤ የሞንትሬይ ርስቱም ከእጁ ወጣ። በዚያው ዓመት ማስቀመጫ ያጣላቸውን የፊልሞቹን ኔጋቲቮች በብስጭት አቃጠላቸው።

ከዚህ በኋላ በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ በአንዲት ትንሽ ሱቅ አሻንጉሊትና ከረሜላ እየሸጠ ኖረ። ሆኖም ሥራውን የሚያስታውሱ ሰዎች ፈልገው አገኙት። በ1929 በፓሪስ ታላቅ በዓል ተደርጎለት ፊልሞቹ ታዩ፤ በ1931 የክብር ሌጌዎን ኒሻን ተሸለመ። በ1932 ለሲኒማ ጡረተኞች በተሠራ ቤት ገባ፤ በ1938 በጥር ወር ዐረፈ።

ከአምስት መቶ ከሚበልጡት ፊልሞቹ ዛሬ የሚገኙት ሁለት መቶ ያህል ናቸው። ከእሳቱ የተረፉት ቀድሞ የተሸጡ ቅጂዎች በሌሎች እጅ ስለነበሩ ነው። በእጅ ቀለም የተቀባ የጨረቃው ፊልም ቅጂ በስፔን አገር ተገኝቶ፥ ከብዙ ጥገና በኋላ በ2011 በካን እንደገና ታየ።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፥ ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር እንማር። መኪና የሚሸጥለት ቢያጣ ራሱ መሥራቱ ትጋትን ያስተምረናል። የልፋቱን ፍሬ ሌሎች መብላታቸው ደግሞ ጥበብ ያለ ሒሳብና ያለ ጥንቃቄ እንደማትበቃ ያሳየናል። የከፋ ሽማግሌዎች የሚያወሩትን ተረት የሚያነሣ ወጣት በመካከላችን ቢኖር፥ ከአንድ በላይ ቅጂ በተለያየ ቦታ ያስቀምጥ፤ ስሙንም ይጻፍበት። ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው ሥራው ሲገኝ ነውና።